ሰነፍ ያልሁት ጸሐፊ

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የአክስቴ ጆሮ ግን ባዳ መሆኑ አልበቃ ብሎት አገር ጥሎ ከጠፋ አምስት ዓመት ሊሞላው ነው። ከአጠገባቸው ጠመንጃ ቢተኰስ አይሰሙም። ዓይናቸው ግን፥ ክፉ አይይብኝና፥ በመነጽር የመጽሐፍ ቅዱስን ደቃቅ ፊደል አንድ በአንድ ይለቅማል። የዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆኑት የእሳቸው ጆሮና የእሳቸው ዓይን ናቸው፤ እኔና መኪናዬ በመካከል የገባን መልእክተኞች ነን።

አክስቴ የሚኖሩት በወላይታ፥ በዲምቱ ነው። ታላቅ ወንድማቸው፥ ማለት አጎቴ፥ ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ። ከማረፋቸው ከሁለት ዓመት በፊት፥ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ሰው የአባቱን አገር ታሪክ ለማወቅ ሲመኝ እንደሚያደርገው ሁሉ፥ እኔም የቪዲዮ ካሜራ ይዤ ዲምቱ ወርጄ ነበር። አጎቴን ከእንሰቱ ጥላ ሥር አስቀምጬ በአምስት ቀን ውስጥ 6 ሰዓት ከ20 ደቂቃ አነጋገርኋቸው። ስለ ወባው፥ ስለ ብላቴ ወንዝ፥ በደጋው መሬት ጠቦ ሰው ወደ ቆላ ስለ ወረደበት ዘመን፥ እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመውና ሰው ሁሉ «ዋዱ» እያለ የሚጠራው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት አበላ ላይ ሰፋሪ ስላደረገበት ጊዜ ሁሉንም ተረኩልኝ። እኔም ይህን ሁሉ በአንድ ሃርድ ዲስክ ቋጥሬ አዲስ አበባ ተመለስሁ፤ ከዚያም ሥራ በዛ፥ ኑሮ ተወደደ እያልሁ ከመሳቢያ ውስጥ ጣልሁት። ትዝ ያለኝ አጎቴ ሲሞቱ ነው። እንዲህ ያለው ነገር ትዝ የሚለን ሁልጊዜ ያን ጊዜ ነው።

በጳጉሜን የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ዲምቱ ሄድሁና ከአክስቴ ፊት ላፕቶፔን ከፍቼ ቪዲዮውን አሳየኋቸው። እሳቸውም ወደ መስተዋቱ ተጠግተው የወንድማቸውን አፍ አፍ ሲመለከቱ ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ ጣታቸውን በአጎቴ ከንፈር ላይ አሳርፈው፥

«አፉ ይንቀሳቀሳል» አሉኝ። «ምን ይላል?»

ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ አልነበረኝም። ስድስት ሰዓት የሚፈጅ ንግግር በምልክት አይነገርም። ወረቀት አንሥቼ፥ «ለጊፋታ ከሥዕሉ ግርጌ ንግግሩን ጽፌ አስነብብዎታለሁ» ብዬ ጻፍሁላቸው። ጊፋታ የወላይታ አዲስ ዓመት ነው፤ በመስከረም አጋማሽ አልፎ በሚውለው እሑድ ይከበራል። ቃል የገባሁት በጳጉሜን ስለ ነበረ የቀረኝ ጊዜ ከሦስት ሳምንት አይበልጥም።

አንባቢ ሆይ፥ ንግግር እየሰሙ በእጅ መጻፍን ሞክረው ያውቁ እንደሆነ ችግሬን ይረዱልኛል። ሥራውን የለመደ ሰው እንኳ የአንድ ሰዓት ንግግር ለመገልበጥ አራት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። እኔ ደግሞ ያልለመድሁ ነኝ። ስለዚህ ቪዲዮ በማቀናብርበት ፕሮግራም ውስጥ ያለውን፥ ድምፅ ሰምቶ በራሱ የሚጽፈውን ጸሐፊ ተማምኜ ነበር። የፕሮግራሙን ስም አልጠራም፤ ወደ ኋላ እንደምታዩት ጥፋቱ ከእሱ ይልቅ የእኔ ነበረና።

ሰው ሲናገር ሰምቶ የሚረዳ መኪና የመሥራት ምኞት አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1952 በአሜሪካ የቤል ቤተ ሙከራ ሊቃውንት «ኦድሪ» የተባለ መሣሪያ ሠርተው ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ያሉትን ቍጥሮች ከሰው አፍ እንዲለይ አደረጉት። ከአሥር ዓመት በኋላ፥ በ1962፥ አይ.ቢ.ኤም. በሲያትል በተደረገው የዓለም ትርዒት ላይ 16 ቃል የሚያውቅ «ሹቦክስ» የሚባል መሣሪያ አሳየ። ከዚያ ወዲህ መንገዱ እጅግ ረዝሟል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ኦፕንኤአይ የተባለው ድርጅት «ዊስፐር» ብሎ ያወጣው ሞዴል የሠለጠነው 680,000 ሰዓት በሚሆን ንግግር ነው። ይህን አንድ ሰው ሌት ተቀን ሳያቋርጥ ቢሰማው ከ77 ዓመት በላይ ይፈጅበታል፤ የአጎቴን ዕድሜ ሊያክል ጥቂት ይቀረዋል። ዛሬ በየቪዲዮ ማቀናበሪያው ውስጥ ተቀምጠው የሚጽፉት ጸሐፊዎች ብዙዎቹ የዚህ ወይም የዚህ ዓይነት ሥራ ልጆች ናቸው።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሊቅ ከቤቴ ካለ ምን ያሳስበኛል ብዬ፥ ለሙከራ ሦስት ደቂቃ ሰጠሁት። ሦስቱን ደቂቃ ለመጻፍ ሃያ ደቂቃ ፈጀ። እርሳስ አንሥቼ ባሰላው፥ ለሙሉው ሥራ 42 ሰዓት ያህል ያስፈልገው ኖሯል። ይሁን ብዬ ማታ ጀመርሁት። ሌሊቱን የማራገቢያው ጩኸት እንቅልፍ ነሳን። በማግሥቱ ማለዳ፥ ሥራው አሥራ አንድ ሰዓት እንደ ሄደ፥ መብራት ጠፋ። የላፕቶፑ ባትሪ ትንሽ ታገለና እሱም ተከተለ። መብራቱ ሲመለስ ፕሮግራሙን ብከፍተው ከተጻፈው አንዲት ፊደል አልተረፈችም። እኔም እንደ ጅል ከመኪናው ፊት ቆሜ፥ «ሰነፍ!» አልሁት።

አክስቴ ድምፄን ባይሰሙም ፊቴን አይተው ምን እንደ ሆንሁ ገባቸው። ወረቀቱንና እርሳሱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ። «በእጅህ ጻፈው» ማለታቸው ነው ወይስ «ምን እንደ ሆነ ንገረኝ»፥ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

በሁለተኛው ቀን ወደ ሶዶ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈርሁ። እዚያም የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር አንድ ወጣት አለ ተብዬ ሱቁን ፈልጌ አገኘሁ። ከዳሞታ ተራራ የወረደ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፥ ወጣቱ የሙሽሮችን ሥዕል ከመስተዋቱ ላይ ሳያነሣ ነገሬን በጥሞና ሰማኝ። ሰምቶም እንዲህ አለኝ፦

«ጋሼ፥ መጀመሪያ ምን እንዳሸከሙት ያሳዩኝ።»

አሳየሁት። ሳቀ። «ጋሼ፥ እርስዎ ቡላ ለመሸጥ ብለው እንሰቱን ከነሥሩ ነቅለው ገበያ የሚወጡ ሰው ነዎት» አለኝ። ከዚያም ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ያስተማረኝን፥ እንደኔ የተቸገረ ሰው ቢኖር ይጠቀምበት ዘንድ በተራ ልጻፈው።

መጀመሪያ፥ ድምፁን ከሥዕሉ ለይቶ ማውጣት ነው። ጸሐፊው መኪና ሥዕል አያይም፤ የሚያስፈልገው ድምፅ ብቻ ነው። ድምፁም ቢሆን ካሜራዬ በየሴኮንዱ 48,000 ጊዜ እየለካ፥ በግራና በቀኝ ሁለት መስመር ይቀዳዋል። ዊስፐርን የመሰሉት ጸሐፊዎች ግን የሚሠሩት በሴኮንድ 16,000 ልክ፥ በአንድ መስመር ብቻ ነው፤ ይህም የካሜራዬ ድምፅ አንድ ስድስተኛ ነው። ከ140 ጊጋባይት በላይ የነበረው ሸክሜ በዚህ ብቻ ከአንድ ጊጋባይት በታች ሆነ። «ይህ ብቻውን ፈጣን አያደርገውም» አለኝ ወጣቱ፤ «ነገር ግን ያንን ሁሉ ጭነት ከዘገምተኛ ዲስክ ላይ ሲጎትት ከመዋል ያድነዋል።»

ሁለተኛ፥ ዝምታውን መዝለል ነው። አጎቴ ሲናገሩ ቡና ይጠጣሉ፥ ያስባሉ፥ ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው እስኪያባራ ዝም ይላሉ። መኪናው ይህንንም እንደ ንግግር ቆጥሮ ይደክምበታል። ይባስ ብሎም፥ እነዚህ ጸሐፊዎች ምንም ባልተነገረበት ቦታ ቃል ፈጥረው የመጻፍ፥ ወይም አንድ ሐረግ እየደጋገሙ ገጽ የመሙላት ጠባይ አለባቸው። ሰው የተናገረበትን ብቻ ለይቶ የሚያሳልፍ ማጣሪያ አለና እሱን አበራልኝ። ከ6 ሰዓት ከ20 ደቂቃው 4 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ቀረ። «ግን ዝምታውን ከቪዲዮው እንዳይቆርጡት» ብሎ አስጠነቀቀኝ። «መኪናው ይዝለለው እንጂ እርስዎ ከቆረጡት ጽሑፉና አፋቸው አይገጣጠምም።»

ሦስተኛ፥ ቋንቋውን አስቀድሞ መንገር ነው። ካልተነገረው፥ ዊስፐር ቋንቋውን የሚገምተው የመጀመሪያውን 30 ሴኮንድ ሰምቶ ነው። አጎቴ ደግሞ አዋቂ ሰው ናቸውና ንግግራቸውን ሁልጊዜ የሚከፍቱት በወላይትኛ ምርቃት ነበር። መኪናው ይህን ሰምቶ ግራ እየተጋባ፥ ከዚያ በኋላ ያለውን አማርኛ ሁሉ በማላውቀው የሩቅ አገር ቋንቋ ሊጽፈው ሲታገል ኖሯል።

አራተኛውን ሲነግረኝ ግን ደነገጥሁ። «ጋሼ፥ ትልቁን ሞዴል ለምን መረጡት?» አለኝ። «ትልቅ ስለሆነ ነዋ!» አልሁት። ዊስፐር ሲወጣ አምስት መጠን ነበረው፤ ትንሹ 39 ሚሊዮን፥ ትልቁ 1,550 ሚሊዮን ማስሊያ ቍጥሮች በሆዱ ይዟል። እያንዳንዷን ቃል ለመጻፍ ይህ ሁሉ ቍጥር መባዛትና መደመር አለበትና፥ እንደኔ ባለ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ትልቁ ሲያቃስት ያድራል። ይሁን እንጂ ትልቁ የሚያውቀው በአብዛኛው እንግሊዝኛ ነው። ከ680,000ው ሰዓት ውስጥ፥ በየራሳቸው ቋንቋ ተጽፈው ለሌሎቹ 96 ቋንቋዎች በሙሉ የደረሳቸው 117,000 ሰዓት ነው። አማርኛ ከዚህ ማዕድ የቀመሰው ጥቂት ስለሆነ፥ በእኛ ቋንቋ ትልቁም ሞዴል ብዙ ይሳሳታል። ነገር ግን ሰዎች ትንሹን ሞዴል ወስደው የአማርኛ ንግግር ብቻ እየመገቡ እንደገና ያሠለጠኑት አለ። «እንግዳ ሰው ዲምቱን እንዲያሳየው ሊቅ ፕሮፌሰር ከሚቀጥር እዚያው የተወለደ እረኛ ቢከተል ይሻለዋል» አለኝ ወጣቱ። ያንኑ ሦስት ደቂቃ በሁለቱም ሞከርነው። እረኛው ቀድሞ ደረሰ፤ ስሕተቱም አነሰ።

ከዚህም ጋር ሞዴሉ የሚያሰላባቸው ቍጥሮች አጥረው፥ እያንዳንዳቸው በ8 ቢት ብቻ የተያዙበትን ቅጂ ሰጠኝ። ይህ የገበያ ሴት ሽርፍራፊውን ትታ በሙሉ ብር እንደምታሰላው ያለ ነው፤ ጥቂት ይጎድላል፥ ሒሳቡ ግን ይፈጥናል። ተራ ኮምፒዩተር ያለው ሰው እንዲጠቀም በሚል በ2022 ጆርጂ ገርጋኖቭ የተባለው ቡልጋርያዊ ዊስፐርን በሌላ የፕሮግራም ቋንቋ እንደገና ጽፎ ለሁሉ በነጻ ለቆታል። ሌሎችም ተከትለው፥ ያንኑ ሞዴል ጥራቱን ሳይቀንሱ እስከ አራት እጥፍ የሚያፈጥን አሠራር አውጥተዋል።

አምስተኛ፥ ግራፊክስ ካርድ ያለው ሰው ሥራው በካርዱ ላይ መሆኑን በማስተካከያው ገብቶ ይመልከት። ዋናው የኮምፒዩተር አእምሮ ጥቂት ሥራ በብልሃት የሚሠራ አናጢ ሲሆን፥ ግራፊክስ ካርድ ግን በሺሕ የሚቈጠር የደቦ ሠራተኛ ነው፤ ንግግር መጻፍም የደቦ ሥራ ነው። ብዙ ሰው ካርዱን ገዝቶ ፕሮግራሙን ሳያገናኘው በዘገምታ ሲሰቃይ ይኖራል። እኔ ካርድ የለኝም። ወጣቱም የራሱን እንዳያውሰኝ ሥራ ተደራርቦበት ነበር።

ስድስተኛ፥ ሥራውን ቈራርጦ መስጠት ነው። «መብራት እንደሚጠፋ እያወቁ አርባ ሁለት ሰዓት ባንድ ትንፋሽ?» አለኝ። ሃያ ሃያ ደቂቃ እያደረገ 19 ቦታ ከፈለልኝ። ከዚህ ወዲያ መብራት ቢጠፋ የምከስረው አንዲቷን ቁራጭ ብቻ ነው።

ስንት እንደምከፍለው ጠየቅሁት። «የአባቶች ድምፅ ነው» ብሎ እንቢ አለ። ለቡና የሚሆን ከጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ።

በዚያው ሌሊት ዲምቱ ላይ አዲሱን እረኛ አሰማራሁት። ሌሊቱን አንድ ጊዜ መብራት ጠፋ፤ አንድ ቁራጭ ብቻ እንደገና ተጀመረ። ጠዋት ዶሮ ሲጮኽ ብነሣ፥ 19ኙም ቁራጭ ተጽፎ ተደርድሮ አገኘሁት። ጠቅላላ የፈጀበት ጊዜ ሰባት ሰዓት አይሞላም። 42 ሰዓት የነበረው ሥራ ወደ አንድ ስድስተኛው ወረደ፤ መኪናው ያው መኪና ነው፤ የተለወጠው አሠሪው ነው።

እርግጥ ነው፥ የተጻፈው ሁሉ እህል አልነበረም። አጎቴ «ብላቴ ወንዝ» ሲሉ ጸሐፊዬ «ብላ እቴ ወንድ» ብሎ ጽፏል። «ወባ ጨረሰን» ያሉትን «ወጣ ጨረሰን» አድርጎታል። እኔም እያንዳንዱን መስመር ከድምፁ ጋር እያስተያየሁ ሳርም አሥር ቀን ፈጀብኝ። ቢሆንም ባዶ ወረቀት ላይ ከመጻፍና የተጻፈ ከማረም የትኛው እንደሚቀል የሠራ ያውቀዋል። ከእርማቱም ጋር አጎቴን ሁለተኛ ጊዜ ሰማኋቸው። በመጀመሪያው ጊዜ፥ ካሜራው ደኅና ይቀዳ እንደሆነ ስጨነቅ፥ ለካ አልሰማኋቸውም ነበር።

አሁን የምነግራችሁ ግን ወደ ቸኰልሁባት ቦታ ነው። የቸኰለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ፤ እኔ ግን አፍስሼ ሳልለቅም ልሄድ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ቅጂ መጨረሻ ላይ አራት ደቂቃ ያህል የማይረባ ጽሑፍ መጣ። ፊደሉ አማርኛ ነው፤ ቃሉ ግን ከሰማይ በታች ያለ ሰው የሚናገረው አይደለም። ድምፁን ብከፍተው አጎቴ ወላይትኛ ይናገራሉ። የእኔ ወላይትኛ ሰላምታ ከመስጠትና ምግብ ከማመስገን አያልፍም። ዊስፐር ከሚያውቃቸው መቶ ያህል ቋንቋዎች መካከልም ወላይትኛ የለም። በዚህ ረገድ የደከሙ ሰዎች የሉም ማለቴ አይደለም። ዶክተር ሰሎሞን ተፈራ እ.ኤ.አ. በ2005 ከጓደኞቹ ጋር 20 ሰዓት ያህል የአማርኛ ንባብ ሰብስቦ ለመኪና ማሠልጠኛ አዘጋጅቷል፤ በ2020 ደግሞ ከማርታ ይፍሩና ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ፥ ለአማርኛ፥ ለትግርኛ፥ ለኦሮምኛና ለወላይትኛ የንግግር ስብስብ አውጥተዋል። ለወላይትኛ ያለው ድምፅ ጥቂት ስለሆነም፥ እሱና ማርታ ከጀርመናዊቷ ታንያ ሹልትዝ ጋር ሆነው የኦሮምኛውን ድምፅ አበድረውት ሞክረዋል። ይህ ሁሉ ድካም ግን እኔ ላፕቶፕ ውስጥ ገና አልደረሰም።

ጊፋታ አራት ቀን ቀርቶታል። ከስድስት ሰዓት ውስጥ አራት ደቂቃ ምን ናት? አልሁ። ቆርጬ ልጥላት ጣቴን ባነሣሁበት ጊዜ፥ ከኋላዬ ቡና ትቆላ የነበረችው የአክስቴ የልጅ ልጅ፥ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፥ ምጣዱን ከነቡናው ይዛ ደንግጣ ቆመች።

«ጋሼ፥ ይኼን እንዳይቆርጡት!» አለችኝ። «ስለ እማማ እኮ ነው የሚናገሩት!»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ያልሁት ለዚህ ነው።

ልጅቱ ያንን ከሰዓት በኋላ ሙሉ ከእኔ ጋር ተቀመጠች። አራቱን ደቂቃ እየመለሰች እየሰማች፥ በትምህርት ቤት እንደ ተማረችው በላቲን ፊደል ጻፈችው። ነገር ግን ሌላ ችግር ነበረ፤ አክስቴ ላቲን አያነቡም። እሳቸው ፊደል የቈጠሩት በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ያን ጊዜ ወላይትኛ ከዘመቻው 15 የማስተማሪያ ቋንቋዎች አንዱ ሆኖ፥ እንደ ሌሎቹ ሁሉ በግእዝ ፊደል ይጻፍ ነበር። ስለዚህ ልጅቱ ከላቲኑ ወደ ፊደል እንደገና ገለበጠችው። በላቲኑ ሁለት ጊዜ የሚጻፈው ጠባቂ ድምፅና ረጅም ድምፅ በፊደሉ አይለይም፤ ግን ቋንቋው የአክስቴ የገዛ ቋንቋቸው ነውና ማጥበቂያውን ራሳቸው ይጨምሩበታል። ለእኔም ወደ አማርኛ እየመለሰች ነገረችኝ። አጎቴ ያሉት በአጭሩ ይህ ነበር፦

«እኅቴ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ማታ ማታ ፊደል ልትቈጥር ስትሄድ ሳቅሁባት። ላም በፊደል አትታለብም አልኋት። ኋላ ልጄ ከጦር ሜዳ ደብዳቤ ሲልክልኝ የሚያነብልኝ አጣሁ። ሰው እንዳያየኝ በጨለማ ደብዳቤውን በብብቴ ይዤ ወደ እርሷ ቤት ሄድሁ። አንዲት የወቀሳ ቃል ሳትናገረኝ በኩራዝ አነበበችልኝ። ዘጠኝ ደብዳቤ አነበበችልኝ። አሥረኛው አልመጣም። ያን ጊዜም አብራኝ ተቀመጠች። አመሰግንሻለሁ ሳልላት አርባ ዓመት ሊሆነኝ ነው። አሁን እንዳልነግራት ጆሮዋ አይሰማም። በአማርኛ ብናገረው የሌላ ሰው ነገር ይመስለኛል፤ ስለዚህ በቋንቋችን ተናገርሁት።»

ልጅቱ ጨርሳ ስትነግረኝ ቡናው አርሮ ነበር።

የጊፋታ ዕለት ቤቱ በሰው ሞላ። በሬው ታርዷል፥ ዓመቱን ሙሉ የተጠራቀመው ቅቤ ወጥቷል። እኔም ላፕቶፔን ከወንበር ላይ አቁሜ ከአክስቴ ፊት አስጠጋሁት። አጎቴ ተናገሩ፤ ከሥራቸውም ጽሑፉ መጣ። አክስቴ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡ። በብላቴ ነገር ሳቁ፥ በወባው ነገር ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁሉንም ባንድ ቀን መጨረስ አይቻልምና፥ ልጅቱ በጆሮዬ «መጨረሻውን ይክፈቱላቸው» አለችኝ። ከፈትሁት።

አክስቴ ወላይትኛውን በፊደል ተጽፎ ሲያዩ ቀና አሉ። ሁለት መስመር እንዳነበቡ እጄን ያዙኝ።

«አቁምልኝ» አሉ። «ፊደሉ ይሮጣል።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳፈጥን ከርሜ፥ በመጨረሻ የታዘዝሁት ማዘግየት ሆነ። መስመር በመስመር እያቆምሁ አሳየኋቸው። ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር እያስኬዱ መጀመሪያ ዝም ብለው፥ ሁለተኛ ጊዜ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። የራሳቸውን ድምፅ ስለማይሰሙ ጮኽ ብለው ነበር፤ ቤቱም ሁሉ ሰማ። የአጎቴ ምስጋና ለእኅታቸው የደረሰው በእኅታቸው አንደበት ነበር። ከዚያም አክስቴ መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጠረጉና ወደ ላፕቶፑ እያመለከቱ፥

«ይህን የጻፈው መኪናው ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ራሴን ነቅንቄ ወደ ልጅቱ አሳየኋቸው። አቅፈው ሳሟት። ቀጥለው፥

«ታዲያ መኪናው ምን ሠራ?»

ወረቀቱን አንሥቼ፥ «የቀረውን ስድስት ሰዓት እሱ ጻፈ፤ በዚያ ባያግዘን ኖሮ ለዚህች አራት ደቂቃ ጊዜ አናገኝም ነበር» ብዬ ጻፍሁላቸው።

አነበቡት። ትንሽ አሰቡና፥

«እንግዲያውስ አልሰነፈም» አሉ። «ለእሱም ቡና ቅዱለት።»